ለፒኤስ ቴሌቪዥን ስትገዙ የኔ ስህተት ይብቃችሁ

ደሴ ውስጥ፣ ከሰኞ ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ ትንሽ ፒኤስ (ፕሌይስቴሽን) ማጫወቻ ቤት አለችኝ። አንድ ክፍል ናት። ስጀምር ሁለት ያገለገሉ ፒኤስ 4 ስሊም እና ሁለት ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ይዤ ነው። በነሱ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ አንድ ቴሌቪዥን ገዛሁና የወራት ልፋቴን አጣሁ። ሌባ አልወሰደብኝም፤ እሳትም አልበላብኝም። ምን ማየት እንዳለብኝ ሳላውቅ ስለገዛሁ ብቻ ነው። ያኔ ቁጭ አድርጎ የሚነግረኝ አንድ ሰው ባገኝ ኖሮ ያ ሁሉ ባልደረሰ። ለቤቱም ሆነ ለሥራው ቴሌቪዥን ሊገዛ ላሰበ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው ይሄን የምጽፈው።

ነገሩ የጀመረው በደስታ ነው። እህቴ ከጅዳ ስትመጣ ፒኤስ 5 ይዛልኝ መጣች። በብርድ ልብስ ጠቅልላ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ነበር ያስገባችው። ፈትታ ስታወጣው እናቴ ሳሎን መሀል ቆማ እልል አለች። በዚያው ሰሞን እቁብ ደረሰኝ። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ልቤ ተነሳ። «እንዲህ ያለ ዕቃ ከባለ 32 ኢንች ጋር አይሄድም» አልኩና ትልቅ ቴሌቪዥን ፍለጋ ወጣሁ።

«ኮምቦልቻ ዋጋው ይሻላል» አሉኝ። ወረድኩ። አንድ ሱቅ ገብቼ 55 ኢንች አየሁ። ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ብራንድ ነው። ዋጋው ግን ታዋቂዎቹ በ43 ኢንች ከሚሸጡበት ያንሳል። ሻጩ ፍላሽ ሰክቶ ቪዲዮ ከፈተልኝ። ዓሣ ይዋኛል፣ አበባ ይፈካል፣ ፏፏቴ ይወርዳል። «ወንድሜ፣ ይሄን አይተህ ሌላ አትጠይቅም» አለኝ። እውነትም አልጠየቅኩም። ካርቶኑ ላይ «4ኬ» ይላል (ምስሉ እጅግ የጠራ ነው ለማለት)፣ «ኤችዲአር» ይላል፣ «1200» የሚል ትልቅ ቁጥር አለ። ኢንቹንና ዋጋውን ብቻ አስልቼ ከፈልኩ። ፒኤሱ ቤት ነበር። ይዤው ልሂድ የሚል ሐሳብ እንኳ አልመጣልኝም።

ሚኒባሱ ጣራ ላይ አጋድመን አሰርነው። ሐረጎ ዳገት ላይ ጭጋጉ መንገዱን ሸፍኖት ነበር፤ ሾፌሩ በዝግታ ነው የነዳው። ቴሌቪዥኑ በሰላም ደረሰ፤ ይሄ ግን ዕድሌ ነው። በኋላ አንድ ጠጋኝ ሲነግረኝ ደነገጥኩ። ፍላት ቴሌቪዥን ተጋድሞ አይጫንም። መስታወቱ ቀጭን ነው፤ ሲተኛ መሀሉ በራሱ ክብደት ይጎብጣል፣ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ደግሞ ይሰነጠቃል። ካርቶኑ ላይ ያለው ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ለዚህ ነው። ሁለት ወንበር ከፍላችሁም ቢሆን ቆሞ ይምጣ።

የመጀመሪያው ማታ ቤቱ ሞላ። ሁሉም አዲሱ ላይ መጫወት ፈለገ። እኛ ጋ ተሸናፊ ነው የሚከፍለው፤ ስለዚህ ማንም ለቀልድ አይጫወትም። ሁለት የካምፓስ ልጆች ጀመሩ። አንደኛው ሁሌ አሸናፊ የሆነ ልጅ ነው። በአሥረኛው ደቂቃ ሁለት ገብቶበታል። ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ዞር አለና «ጋሼ፣ ይሄ ቲቪ ይዘገያል» አለኝ። የተሸናፊ ሰበብ መሰለኝ። «ተጫወት አቦ» አልኩት።

ሰበብ አልነበረም። በሳምንቱ ሌሎችም ያንኑ ማለት ጀመሩ። «ስጫነው አይታዘዝም»፣ «ኳሱ ካለፈ በኋላ ነው የሚመታው» ይሉኛል። እኔ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ፈለግኩ። ጆይስቲክ ቀየርኩ። ኬብል ቀየርኩ። ፒኤሱ ሞቆ ይሆናል ብዬ ማራገቢያ አዞርኩለት። እህቴ ያመጣችው ዕቃ ተበላሽቶ ይሆን ብዬ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ቴሌቪዥኑን አንድም ጊዜ አልጠረጠርኩም። ምስሉ ቆንጆ ነዋ!

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያየሁትን አልረሳውም። ከምሳ ስመለስ አምስት ልጆች ከአሮጌው ባለ 32 ኢንች ፊት ወረፋ ይዘዋል። ከጎኑ ባለ 55ቱ በርቷል፣ ፒኤስ 5 ተሰክቷል፣ ሁለቱ ወንበሮች ባዶ ናቸው። ወረፋ መጠበቅ መርጠዋል። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ያን ቀን ነው መፍትሔ መፈለግ የጀመርኩት። የመጀመሪያ ማታ የነገረኝን ልጅ አስጠራሁት። «የኔ ወንድም፣ ያን ጊዜ ስላልሰማሁህ ይቅርታ። ይዘገያል ያልከኝን አሳየኝ» አልኩት። ስልኩን አወጣና ካሜራውን ስሎው ሞሽን ላይ አደረገው። በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሳ ነው። አንዱን ፒኤስ 4 ባለ 55ቱ ላይ ሰካንና ጆይስቲኩን ከስክሪኑ ሥር አስጠግቶ ያዘ፤ ጣቱም ስክሪኑም አንድ ላይ እንዲታዩ። ከዚያ ቁልፉን ጠቅ አድርጎ ቀረጸ። ቪዲዮውን አንድ በአንድ እያስኬድን ቆጠርን። ጣቱ ቁልፉን ከነካበት ጀምሮ ሜኑው እስኪንቀሳቀስ 38 ምስል። ያንኑ ፒኤስ 4 እና ያንኑ ጆይስቲክ አሮጌው ላይ ሰክተን ደገምነው። 20 ምስል።

በ240 ሲቀረጽ አንዱ ምስል 4 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ልዩነቱ 18 ምስል ነው፤ ወደ 75 ሚሊ ሰከንድ ይመጣል። ጌሙ በሰከንድ 60 ምስል ሲያሳይ አንዱ 17 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይቆያል። እንግዲህ አዲሱ ቴሌቪዥን ከአሮጌው ከአራት ምስል በላይ ወደኋላ ቀርቷል ማለት ነው። ተከላካይ አጥቂውን የሚነጥቀው በዚያች ቅጽበት ነው። ቁጥሩ ውስጥ የፒኤሱና የጆይስቲኩ ድርሻም አለበት፤ ለሁለቱም አንድ ስለሆነ ግን ልዩነቱ የቴሌቪዥኑ ነው። ስትለኩ አምስት ጊዜ ደጋግሙና አማካዩን ውሰዱ።

ለምን ይዘገያል? ቴሌቪዥኑ ምስሉን እንደመጣለት አያሳየውም። ይዞ ያስውበዋል፤ ያጠራዋል፣ ቀለሙን ያደምቃል፣ እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል። ለዚያ ጊዜ ይፈልጋል። ለድራማ ወይም ለኳስ ስርጭት ችግር የለውም፤ ድምፁም አብሮ ስለሚዘገይ ማንም አያውቅበትም። በጌም ግን ጣት አለ። «ጌም ሞድ» የሚባለው ያንን ማስዋብ የሚያስቀር ነው። ብዙዎቹ ላይ ፒክቸር ሞድ ውስጥ ታገኙታላችሁ። አንዳንድ ሳምሰንጎች ላይ ጀነራል፣ ከዚያ ኤክስተርናል ዴቫይስ ማኔጀር ከሚለው ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኤችዲኤምአይ (የፒኤሱ ኬብል የሚሰካበት ቀዳዳ) ለየብቻው ስለሚያዝ ፒኤሱ የተሰካበት ላይ ሆናችሁ ክፈቱት። አሁን ቤታችሁ ያለው ቴሌቪዥን የሚዘገይ ከመሰላችሁ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ሞክሩ። ከኔ በኋላ ሁለት ጓደኞቼ በዚህ ብቻ ገንዘባቸውን አድነዋል።

የኔ ላይ ግን ጌም ሞድ የሚባል አልነበረም። ሪሞቱን ይዘን ሜኑውን ሁለት ጊዜ አሰስነው። ልጁ የኤችዲኤምአይ መግቢያውን ስም ወደ «ፒሲ» ቀይረን እንሞክር አለ፤ አንዳንድ ቴሌቪዥን እንዲያ ሲደረግ ማስዋቡን ይቀንሳል። ትንሽ ወረደ፤ 31 ምስል ሆነ። አሁንም ብዙ ነው።

በዚያው ሌላም ጉድ ወጣ። ፒኤስ 5 ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ ስክሪን ኤንድ ቪዲዮ፣ ከዚያ ቪዲዮ አውትፑት፣ ከዚያ ቪዲዮ አውትፑት ኢንፎርሜሽን ስትሉ የሚወጣው የምስል መጠን ይታያል። የኔ 1920 በ1080 ይላል፤ ይሄ ከ4ኬ በጣም ያነሰ ነው። ካርቶኑን ከአልጋ ሥር አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። «4ኬ» ከሚለው ሥር በትንሹ፣ 4ኬ ቪዲዮ ከፍላሽ ይከፍታል የሚል ተጽፏል። ስክሪኑ ራሱ 4ኬ ነው አይልም። እናንተ ላይ 1080 ካሳየ ግን ወዲያው ተታለልኩ አትበሉ። ደህና ቴሌቪዥን ላይም የመግቢያው ሙሉ አቅም ከሜኑው ካልተከፈተ ዝቅ ሊል ይችላል። ኤልጂ «ዲፕ ከለር»፣ ሳምሰንግ «ኢንፑት ሲግናል ፕላስ»፣ ሶኒ «ኤንሃንስድ ፎርማት» ይሉታል። ኬብሉንም፣ የተሰካበትን ቀዳዳም ቀይራችሁ እዩ።

1200 የሚለውን ቁጥርም ያን ሰሞን ነው የተረዳሁት። ፋብሪካው ለራሱ ማስታወቂያ የሚሰጠው ስም ነው እንጂ የስክሪኑ ሄርዝ (በሰከንድ ምስል የሚቀይርበት ብዛት) አይደለም። በርካሾቹ ላይ እውነተኛው አብዛኛውን ጊዜ 60 ነው። 60 መሆኑ አያስከፋም። ፒኤስ 4 ከ60 በላይ አይሰጥም። ፒኤስ 5 እስከ 120 ይሰጣል፣ እኛ ጋ ቀኑን ሙሉ የሚጫወቱት የኳስ ጌም ግን በ60 ነው። ስለዚህ በጀታችሁ ትንሽ ከሆነ ለ120 ብላችሁ አትጨነቁ። ተራው ፒኤስ 4 ወይም ስሊም ካላችሁ ደግሞ ጌሙን ከ1080 በላይ ስለማያወጣ ለ4ኬ ብላችሁ አትጨምሩ። 4ኬ የሚያወጡት ፒኤስ 4 ፕሮ እና ፒኤስ 5 ናቸው።

ቴሌቪዥኑን ልመልስ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ካርቶኑ ስለተከፈተ አንቀበልም አሉኝ። ምስሉ ይሠራል፣ ድምፁ ይሠራል፤ «ምን ሆነብህ?» አሉኝ። የማስረዳበት ወረቀት አልነበረኝም። በመጨረሻ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ቡና ቤት ላላቸው አንዲት እናት ሸጥኩት። ለፒኤስ እንደማይሆን፣ እውነተኛ 4ኬም እንዳልሆነ ነግሬያቸዋለሁ። «እኔ ኳስ ነው የማሳይበት ልጄ» አሉኝ። ዛሬም ያሳዩበታል፣ ደስተኛም ናቸው። ከገዛሁበት ዋጋ ግን ሲሶው ቀረብኝ። እቁቡን ገና እየከፈልኩ ነበር።

ሁለተኛውን ለመግዛት አራት ወር ፈጀብኝ። በዚህ ጊዜ ያን የካምፓስ ልጅ ይዤው ሄድኩ። ቦርሳ ውስጥ ፒኤስ 4 ስሊሙን፣ ጆይስቲኩንና ኬብሉን ከተትን። እዚሁ ደሴ ፒያሳ አንዱ ሱቅ ስንገባ «እዚህ ጌም ቤት አይደለም» ብለው መለሱን። ሌላው «ከገዛህ በኋላ ትሞክራለህ» አለ። ከሁለቱም ወጣን። ሦስተኛው ሱቅ አንድ አዛውንት ነበሩ። «ሐጂ፣ ሰክተን ብናየው ቅር ይልዎታል?» አልኳቸው። «ገንዘብህ አይደል እንዴ ልጄ? ሰካና እየው» አሉና ወንበር ሳቡልን። አታሳይም የሚል ሱቅ ከገጠማችሁ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ ውጡ።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆየን። ባለ 43 ኢንች ነው የሞከርነው። መጀመሪያ ጌም ሞድ መኖሩን አየን። ሲጠፋ 33 ምስል፣ ሲበራ 19 ምስል ቆጠርን። ከአሮጌዬም በአንድ ያንሳል። በዚያ ብቻ ልገዛው ደርሼ ነበር። ልጁ ግን «ቆይ ጋሼ» አለኝ። ጌም ከፈተና ከላይ በግራ ያለውን የግብና የሰዓት ሰሌዳ አሳየኝ። ጫፉ ተቆርጧል። ቴሌቪዥኑ ምስሉን እየለጠጠ ዳሩን ከስክሪን ያስወጣዋል። ሜኑ ውስጥ «ጀስት ስካን» የሚል አገኘንና ሲበራ ሰሌዳው ሙሉ ሆነ። አንዳንዱ ላይ «ስክሪን ፊት» ይባላል።

ከዚያ ከጎን አየነው። ይሄ ለፒኤስ ቤት ትልቅ ነገር ነው፤ የሚጫወቱት ሁለት፣ የሚያዩት ስድስት ናቸውና። አይፒኤስ የሚባለው ስክሪን ከጎን ሲታይ ቀለሙ ብዙ አይቀየርም፣ ጥቁሩ ግን ግራጫ ይመስላል። ቪኤ የሚባለው ጥቁሩ ደህና ጥቁር ነው፣ ከጎን ሲታይ ግን ይደበዝዛል፤ ጨለማ ቦታ ላይ ነገር ሲንቀሳቀስም ጥላ የሚጎትት አለ። ለብቻችሁ መኝታ ቤት ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ቪኤ ደስ ይላል። እኔ አይፒኤሱን ወሰድኩ። ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ቀይ የሆኑ ፎቶዎች በፍላሽ ይዘን ነበር፤ እያሳየን የሞተ (የማይበራ) ነጥብ መኖሩን ፈለግን። አልነበረም። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ሦስት ነው። እግሮቹ ምን ያህል እንደሚራራቁ በስንዝር ለካሁ፤ የኔ ጠረጴዛ ጠባብ ነው። ዋስትናውን ሐጂ ማህተም አድርገው ሰጡኝ፤ ሲሪያል ቁጥሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ካለው ጋር አመሳከርኩት።

ለምን 43? ቤቴ ውስጥ ከወንበሩ እስከ ስክሪኑ ሁለት ሜትር አይሞላም። በዚያ ርቀት 55 ላይ ልጆቹ አንገታቸውን እያዞሩ ነበር የሚጫወቱት። ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም። ከመውጣታችሁ በፊት ክፍላችሁን ለኩ።

ኤችዲአሩን ቤት ስገባ አጠፋሁት። ኤችዲአር ብሩሁንና ጨለማውን አጉልቶ የሚያሳይ አሠራር ነው፤ ጠንካራ ብርሃን ይፈልጋል፤ ርካሽ ስክሪን ያ አቅም የለውምና ምስሉ ይጨልማል። እያበራችሁ እያጠፋችሁ በዓይናችሁ ፍረዱ። ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ ደግሞ የኮምፒውተር ሞኒተርንም አትናቁ። ኤችዲኤምአይ ያለው ባለ 24 ኢንች ሞኒተር አብዛኛውን ጊዜ መዘግየቱ ትንሽ ነው። ድምፅ ላይኖረው ስለሚችል ጆይስቲኩ ላይ ኢርፎን ትሰካላችሁ።

መብራትን ሳልነግራችሁ ካለፍኩ በደል ነው። ሁለተኛውን በገዛሁ በወሩ ማታ መብራት ሄደ። ሁሉንም እንደተሰካ ትቼ በር ላይ ቆሜ ሳወራ በድንገት መጣ። ከአንዱ ባለ 32 ኢንች ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። አልበራም። የፓወር ቦርዱ ተቃጥሎ ነበር። አዲሱ የተረፈው ስታቢላይዘር ላይ ስለነበረ ነው። አሮጌዎቹን ንቄ ተራ ዲቫይደር ላይ ነበር የሰካኋቸው። አሁን ሁሉም ስታቢላይዘር ላይ ናቸው፤ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ ዓይነት ነው። በሪሞት ማጥፋት ከዚህ አያድንም። መብራት ሲሄድ ይነቀል። ስትገዙ የስታቢላይዘሩን ዋጋ ከቴሌቪዥኑ ጋር ደምራችሁ አስቡት፤ ተርፎ ከሚገዛ ዕቃ አትቁጠሩት።

እህቴ ስትደውል ስለ ቴሌቪዥኑ ትጠይቀኛለች። ስለ 55ቱ ለብዙ ጊዜ ደብቄያት ነበር፤ ያመጣችው ዕቃ ባዶ ወንበር ፊት እንደቆመ እንዴት እነግራታለሁ? ባለፈው ሁሉንም ነገርኳት። ቅዳሜ ከሰዓት በቪዲዮ ደውላ ስልኩን ወደ ልጆቹ አዞርኩላት። ባለ 43ቱ ፊት ወረፋ ነበር። ጠጋኙ ቦርዱን የቀየረለት ባለ 32 ኢንችም አጠገቡ በርቶ ሁለት ልጆች ይጫወቱበት ነበር።